ኮረብታው ላይ የተሰቀለችው ነጠላ

በእኛ ጊዜ ጭስ ያየ ሰው የማን ነው፣ ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ይሮጣል። አራሹ በሬዎቹን እንደጠመደ ትቶ ይሮጣል፣ ሊጥ የያዘችው እጇን ሳትለቃለቅ ትሮጣለች፣ የምትቀር ብትኖር ምጥ የያዛት ናት፣ እሷም ባሏን «ሂድ እንጂ፣ እኔን ምን ታየኛለህ!» ብላ ታባርረዋለች። ሁሉም በመንገዱ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዘነጥልና እሳቱ ፊት ይቆማል። እና ያልመጣ ሰው ወዮለት! «እገሌ ጭሱን አይቶ ቁጭ አለ» ከተባለ አለቀ፤ እሳት ልጫር ብሎ ጎረቤት ቢሄድ ፍም አይሰጡትም፣ ልጁን ቢድር ዳሱን የሚጥልለት የለም፣ ቢሞት ጉድጓዱን የሚቆፍርለት የለም። ዛሬ ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ ማን እሳት ይጫራል ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ ክብሪቱ ሞልቷል። ፍርሃቱ ግን አሁንም አለ፤ ይቺን የሺን ጠይቂያት።

አንቺ ብርቱካን፣ ያቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? እዚያ ኮረብታው አናት ላይ፣ ረጅሙ እንጨት ላይ የምትውለበለበው? ነጠላ ናት። የእኔው ነጠላ። ምን ያስቅሻል? በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እኔው ራሴ ወጥቼ ነበር የምሰቅላት፣ ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ አክስትሽ ዓለም ይዛት ወጣች። ይቺ አጠገቤ ባቄላ የምትፈለፍለው የሺም እንደ እኔው ናት፤ ቤቷ ያ ከሸለቆው ማዶ የሚታየው ነው፣ ጉልበቷ እንደ እኔ አስቸግሯታል፣ እና ሁለታችሁም እዚህ ደጃፍ ቁጭ በሉ፣ እንዳትነሱ ተብለናል። እሺ ብለናል። ልጆች ሲያዙሽ እሺ ማለት ነው እንግዲህ።

በይ ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። አንቺ ባሕር ዳር ያደግሽ ልጅ ነሽ፣ ይሄንን አታውቂም። ያቺን እንዝርቴን አቀብይኝ፣ እጄ ባዶ ከሆነ ወሬ አይወጣልኝም።

ያ ደን ሲተከል እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ደርግ ነው ያስተከለን። ያኔ ኮረብታው ራቁቱን ነው፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው የተላጨ ራስ ይመስለዋል። ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን ችግኙን በሸክም አወጣን፣ ጉድጓድ ቆፈርን፣ ተከልን። ጥድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ እንዳይመስልሽ፣ እሱ ሌላ ነው፤ ይሄ ቅጠሉ እንደዚህ እንደ ምፈትለው ፈትል ቀጥኖ ተንዘርፍፎ የሚንጠለጠለው ነው። ታዲያ ዛፉ አደገ፣ ከብት ተከለከለ፣ እና ከኮረብታው ግርጌ የነበረችው ምንጭ፣ ያቺ በጋ ሲመጣ ጭቃ ብቻ የምትተወው፣ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ ጀመረች። እኔ ስለ ዛፍ አልተማርኩም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ከዚያ በፊት ውሃ የምንቀዳው ከሸለቆው ስር ነበር፤ እንስራ ተሸክመሽ ወርደሽ፣ ተሸክመሽ ወጥተሽ፣ ቤት ስትደርሺ ግማሹን ራስሽ ጠጥተሽዋል። የእኔ ወገብ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው የቀረው። ስለዚህ ምንጯ ለእኔ ምን እንደሆነች አንቺ ቧንቧ ከፍተሽ የምትታጠቢው አታውቂውም።

ታዲያ ደኑም እንደኛ አረጀ። ዛፉ ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ግን ከስሩ ምንም የለም። ሳር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ ችግኝ የለ። የወደቀው ቅጠል ብቻ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተነባበረ፣ ስትረግጪው እግርሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ይሰምጣል። ነፋስ ሲመጣ አንዱ ትልቅ ዛፍ ይወድቃል፣ በእሱ ቦታ የሚተካ የለም። ልጅ ያልወለደ ቤት ሆነ።

ይሄን ጊዜ ነው የአያትሽ ወንድም ሞላ የተነሳው። አያ ሞላን ታውቂዋለሽ፣ ያ ሲያወራ ባርኔጣውን እያወለቀ እንደገና የሚደፋው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አትጥዪው፤ ወንዶች ልጆቹ አድገው መሬት የላቸውም፣ ሌት ከቀን የሚያስበው እሱን ነው። ስብሰባ ተጠራና ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ጎበዝ! ይሄ ደን ሞቷል። ሙት ቆሞ አይጠበቅም። ቆርጠን እንካፈለውና ባሕር ዛፍ እንትከልበት። ባሕር ዛፍ ብትቆርጠው ያቆጠቁጣል፣ ብትረሳው ያድጋል፣ ልጆቻችን ቤት ይሠሩበታል» አለ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ተቀመጠ። ሰውም አጨበጨበ። ምን ያርግ? እውነቱን ነው እኮ፣ ደኑ ልጅ የለውም።

እኔ ተነሳሁ። ሴት ሆኜ ስብሰባ ላይ መናገር አልወድም፣ ግን ተነሳሁ። «አያ ሞላ፣ ባሕር ዛፍ ከምንጭ በላይ ሲተከል ምንጩ ምን እንደሚሆን የላይኞቹን ሰፈሮች ሂድና ጠይቃቸው» አልኩት። «እቴ» አለኝ፣ «አንቺ ደግሞ ምንጭ ምንጭ ትያለሽ፣ ቧንቧ ይመጣል እኮ!» «ቧንቧው ይምጣ፣ ያን ጊዜ እናወራለን» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ ግን እጁን ቢያወጣ ኖሮ ለሞላ ነበር የሚያወጣው። እኔም አውቄዋለሁ።

ታዲያ ከወረዳ የመጣች አንዲት የደን ባለሙያ ነበረች፣ መቅደስ የምትባል፣ ቀጭን ልጅ፣ በሞተር ሳይክል ነው የምትመጣው፣ አቧራ ለብሳ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጇን አወጣችና «አንድ መንገድ አለ» አለች። «ምንድን ነው?» «ከስሩ ያለውን እንለኩሰዋለን።»

አንድ ሽማግሌ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ፣ «ልጄ» አላት፣ «እኛ እሳት ስናጠፋ ነው ያረጀነው። አሁን አንቺ መጥተሽ ለኩሱ ትይናለሽ?» ሌላው «ጆሮዬ ነው ወይስ ልጅቷ ታማለች?» አለ። ሞላማ ደስ አለው፤ «ተዉ እንጂ፣ ይለኩሱት! ለእኔ ጉድጓድ የምቆፍርበትን ቦታ ያጸዱልኛል» አለ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ የጥዱን ፍሬ አወጣች፤ ያ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ግጥም ብሎ የተዘጋው ነው። ፍም አስመጣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ሁላችንም ተጎንብሰን እንጠብቃለን። ትንሽ ቆየና ጣ! ጣ! እያለ ቅርፊቱ ተከፈተ፣ ከውስጡ ዘሩ ወደቀ፣ የዝንብ ክንፍ የመሰለ ነገር አለው። ከዚያ ዘሩን አንስታ የደረቀ ቅጠል ላይ ጣለችው። «አያችሁ፣ እዚህ ላይ ቢወድቅ ሥሩ አፈር ሳያገኝ ይደርቃል። ይሄን ምንጣፍ በትንሽ እሳት ካነሳንለት አፈር ያገኛል። ትልቁን ዛፍ አንነካውም፣ እሳቱ ከጉልበት በላይ አይወጣም» አለች። ሽማግሌው ፍሬውን አንስቶ አገላበጠው፣ ኪሱ ከተተው። አልመለሰላትም ደግሞ።

ታዲያ ተስማማን። ከምንጯ በላይ ያለችው አንዷ ቁራሽ ብቻ ትሞከር፣ በመስከረም ሁላችንም ወጥተን እንይ፣ ችግኝ ካለ ደኑ ይቆያል፣ ከሌለ እንደ ሞላ አሳብ ይቆረጥና ይካፈላል ተባለ። ሁሉም «እሺ» አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ አፌ እሺ ይላል፣ ሆዴ ግን እንስራውን እያሰበ ነው።

ሥራው እንዲህ ቀላል አይደለም፣ አታስቢው። ጎረምሶቹ ዙሪያውን ቅጠሉን ጠርገው አፈሩ እስኪታይ ሰፊ መስመር አወጡ፣ እሳቱ እሱን እንዳያልፍ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከየትልቁ ዛፍ ግንድ ስር ቅጠሉን በእጃችን እየዛቅን አራቅን፣ ግንዱ እንዳይለበለብ። እናም መቅደስ አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር ነበር፤ «ጭሱ የሚታያቸው ሰዎች ሁሉ ቀድመው ይስሙ» አለች። እኛ ሰፈር በቤተ ክርስቲያን ተነገረ፣ ለማዶዎቹም ሰው ተላከ፣ የእነሱም ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ።

የሺ፦ ተናግረዋል። ደግመውም ተናግረዋል። እኔ ከፊት ነበርኩ።

ሰማሽ? ራሷ ናት የምትለው። ቀጥዪ ባቄላሽን።

ቀኑ ከገና በኋላ ነው፣ ልክ እንደ ዛሬው። ጧት ውርጭ አለ፣ ጸሐዩ ወጥቶ ጤዛው መድረቅ ሲጀምር ከላይ፣ ከኮረብታው አናት በኩል ለኮሱት። ከላይ ወደ ታች፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየገፋ እንዲወርድ፤ እንደዚያ ሲሆን አይሮጥም። እና እኔ በዕድሜዬ እሳት እንደዚያ ታዛዥ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ሳር ሲግጡ ቀስ እያሉ እንደሚወርዱ በጎች ነው። መቅደስ እየተመላለሰች «አትቸኩሉ፣ ቀስ ብሎ ይብላ፣ ይብላ፣ ተዉት» ትላለች። እኛ ሴቶቹ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን ጀሪካን አስቀምጠን መስመሩ ላይ ቆመናል። ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። እሳቱ ሲያልፍ ከኋላው የሚቀረው ጥቁር አፈር ነው፣ ንጹሕ፤ የተጠረገ አውድማ።

ግማሹ ያህል ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ከፍ ሲል ሌላ ነፋስ አገኘውና ጎንበስ ብሎ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ማዶ ሄደ። ከማዶ አንድ ድምፅ መጣ።

«እሪሪሪሪሪ! ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ደኑ! ኧረ እሳት!»

ማን ነበረች? የሺ፣ ማን ነበረች?

የሺ፦ እኔ ነኝ። ምን ላርግ ታዲያ?

እሷ ናት! ያቺ ከፊት ቆማ የቄሱን ቃል የሰማችው። ከዚያማ ሌላዋ ተቀበለች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ያ ገደል በሰው ጠቆረ። ሲወርዱ ታያቸዋለሽ፣ ሸለቆው ውስጥ ይሰወራሉ፣ ከዚያ በዚህ በኩል ብቅ ይላሉ፣ ሁሉም በእጁ ቅርንጫፍ፤ ከሩቅ ደን ራሱ ተነስቶ የሚሮጥ ይመስላል። መቅደስ ደነገጠች። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፣ ሊረዱን ነው» አልኳት። «ከምን ነው የሚረዱን?» «ከአንቺ ነዋ!»

ሮጠች። እጇን ዘርግታ መሀላቸው ገባች፣ «ተዉት! እባካችሁ ተዉት! እኛ ነን የለኮስነው!» እያለች ትጮኻለች። ማን ይሰማታል? «አይዞሽ እቴ! አይዞሽ፣ ደረስንልሽ!» ይሏታል። አንዱ ትልቅ ሰውማ የምታለቅስ መስሎት አቅፎ ከጭሱ አወጣት፣ «አይዞሽ፣ ንብረት ነው፣ ይተካል» አላት። እሷ ትታገላለች፣ እሱ ይበልጥ ያጽናናታል። እኛ ሴቶቹ መስመሩ ላይ ቆመን አፋችንን ይዘናል፤ መሳቅም ነውር፣ ማልቀስም ነውር። እነሱ ያንን እንደ በግ ቀስ ብሎ የሚሄድ ምስኪን እሳት በቅርንጫፍ ደብድበው፣ ደብድበው፣ ረግጠው፣ አመድ አደረጉት። አንዲት ጢስ እንኳ አልቀረችም።

ከዚያ ቆሙ። ላብ በላብ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ተደስተው። ምስጋና ይጠብቃሉ እንግዲህ። የየሺ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዙሪያውን ተመለከተ፤ የተጠረገውን መስመር አየ፣ ጀሪካኑን አየ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን የቆምነውን አየ። «ማነው የለኮሰው?» አለ። «እኛ» አልነው። «እናንተ?» «እኛ። ቄሱ አልነገሯችሁም?» ራሱን አከከ። «ነግረውናል» አለ። «ሰምተናል። ጭሱን ስናይ ግን እግራችን ቀደመን።»

የሺ፦ ምን ይበል ታዲያ? እስቲ አንቺ በእኔ ቦታ ሁኚ! ቢያመልጣቸውስ? ደጃፌ ቁጭ ብዬ እንዳየሁ ደኑ ቢያልቅ፣ ነገ ማን ሰው ይለኛል? ቄሱ ናቸው ፍም የሚሰጡኝ?

ይሄው ነው እንግዲህ፣ ብርቱካን። ያወቁትን ያውቃሉ፣ ግን ያልሮጠ ሰው የሚደርስበትን ደግሞ ይበልጥ ያውቃሉ። እኔ አልፈረድኩባቸውም። ማዶ ጭስ ባይ እኔም እዚያ ነበርኩ።

ከዚያ የመጣው ነገር ነው ለመቅደስ የከበዳት። እሳት ሊያጠፋልሽ ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ የወጣን ሰው ደረቅ ጉሮሮውን ይዞ አትልኪውም። ነውር ነው፣ አይደረግም። ለለኳሾቹ ብለን ጠላና ቆሎ አዘጋጅተን ነበር፣ እና እሱን ላጥፊዎቹ አቀረብነው። መቅደስን ጠራኋትና «ልጄ፣ አመስግኚያቸው» አልኳት። «እማማ! ሥራዬን እኮ አበላሹብኝ!» «አውቃለሁ። አመስግኚያቸው።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ቆመችና «ስለደረሳችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች። «ምንም አይደል እቴ፣ ነገም ቢሆን እንመጣለን!» አሏት፣ ከልባቸው ነው። ሞላ ጠላውን ይዞ በሳቅ ሊሞት ነው። «ደን ሊያቃጥል መጥቶ ጠላ ጠጥቶ የሄደ ሙከራ!» እያለ ለወር ያህል በየሄደበት ያወራ ነበር።

የቀረውን እንደገና እንለኩሰው አልናት። እምቢ አለች። ጸሐዩ ከፍ ብሏል፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ አሁን ከተለኮሰ አይታዘዝም፣ ዘንድሮ አበቃ አለች። ሞተሯን አስነስታ ሄደች። ታዲያ እኔ በዚያው ወደ ምንጯ ወረድኩና ቁጭ አልኩ። ጸሎት አልጸለይኩም፣ ምንም አላልኩም፤ ውሃው ሲፈስ ብቻ እያየሁ፣ የሚቀጥለው መስከረም ሰው እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ሲተክል፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ወደ ሸለቆው ስወርድ ይታየኛል። ግማሽ ሙከራ ምን ዋጋ አለው? አያ ሞላ በግማሽ ነገር የሚያምን ሰው አይደለም።

ክረምቱ ገባ። ያ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ነበር። ማንም ወደ ላይ አልወጣም፣ እርሻ ነው፣ አረም ነው። እኔም ሄጄ ማየት እየቻልኩ አልሄድኩም፤ እግሬ እዚያ አልሄድ አለኝ።

መስከረም ላይ፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ቀጠሮው ደረሰና ወጣን። የእኛ ሰፈር ወጣ፣ ማዶዎቹም መጡ፣ «ያጠፋነውን እንይ» ብለው። መቅደስ መጣች። ሞላ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ገመድ ሁሉ ይዟል፣ መሬት የሚለካበት።

እሳቱ ያለፈበት ላይ ስንደርስ ሞላ ቆመ። እኔ ከኋላው ነኝ፣ ትከሻው ጋርዶኝ ምንም አላይም። «ምንድን ነው አያ ሞላ?» አልኩት። በጎኑ ዞሬ አየሁ። ብርቱካን፣ ጤፍ ሲበቅል አይተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። በቃ መሬቱ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል። ትንንሽ ጥድ፣ እንደ ጣት፣ እንደ ጣት፣ እግርሽን የምታሳርፊበት የለም። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሞላ እጁን አነሳ። «ቆይ» አለ። «ይሄ ዝናቡ ነው። ዘንድሮ ዝናብ ጥሩ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ታች ወረደ፣ ማዶዎቹ እሳቱን ደብድበው ወዳስቀሩት ግማሽ። ልክ እሳቱ የቆመበት ላይ፣ በቢላ እንደቆረጥሽው፣ አረንጓዴው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያው ደረቅ ቅጠል፣ ያው ምንጣፍ። አንድ ችግኝ የለም። «አያ ሞላ» አልኩት፣ «ዝናቡ በዚህ በኩል አልዘነበም?»

ሞላ ባርኔጣውን አወለቀ። አልደፋውም፤ በእጁ ይዞት ቀረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃም ይበቃን ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ነበር። ካልተቃጠለው መሀል፣ ከሸለቆው በኩል ተነስቶ፣ ጠመም፣ ጠመም እያለ የሚወጣ መስመር አየን። መስመሩ ሙሉ ችግኝ ነው። ቀጭን ነው፣ የፍየል መንገድ ያህል፣ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ቅርንጫፍ አለው። ሁላችንም ግራ ገባን። መቅደስ ተንበርክካ አፈሩን ነካካች፣ ቅጠሉን ገለጠች። «ተፍቋል» አለች፣ «እዚህ ላይ ምንጣፉ ተፍቆ አፈሩ ወጥቷል። ምን ነው የፋቀው?» ይሄን ጊዜ ይቺ የሺ ከኋላ ሆና...

የሺ፦ «ይሄማ እኛ ነን!» አልኩ። «በዚህ እኮ ነው የወጣነው!»

እግራቸው ነው! ሲሮጡ የፋቁት፣ ቅርንጫፋቸው የጠረገው ነው! ከማዶ የመጣ ሰው ሁሉ የሮጠበት መንገድ ችግኝ አብቅሎ ቆሟል። የየሺ ባል መስመሩን እየተከተለ ወጣ፣ እዚህ ጋ እኔ ነኝ፣ እዚህ ጋ የወንድሜ ልጅ ወድቆ ነበር ይላል፤ እውነትም የወደቀበት ቦታ ሰፋ ያለ ነው፣ ችግኙም በርከት ይላል። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መቅደስም ሳቀች፣ ያን ቀን ነው ሳቋን የሰማሁት። ሞላ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና «እንግዲህ እየሮጠ በእግሩ ጥድ ካበቀለ ሰው ጋር ምን ብዬ ልከራከር» አለ። ደኑ ቆየ። ተጠጋግቶ የቆመው ዛፍ እየተመረጠ ይቆረጥ ተባለና ግንዱን የሞላ ልጆች ወሰዱት፣ ሁለቱም ቤት ሠርተውበታል። ምንጯም ይኸው አለች፤ ጧት ፊትሽን የታጠብሽው ከየት መሰለሽ?

ነጠላዋ? ወደ እሷ እየመጣሁ ነው፣ አትቸኩዪ።

በሚቀጥለው ዓመት የቀረውን ልንለኩስ ስንል፣ ሁለቱም ሰፈር ተቀመጠ። ዳግመኛ እንዳይሮጡብን ምን ይሻላል ተባለ። አንዱ ጎረምሳ ተነሳና «ከእንግዲህ ጭስ ያየ ሰው መጀመሪያ ስልክ ይደውል፣ ከዚያ ይሩጥ» አለ። የየሺ ባል «እና ስልኩ ባይነሳ?» አለው። ሌላው «ያልሮጠ ሰው አይወቀስ ብለን እንወስን» አለ። እኔ እሱን አልወደድኩትም። ዛሬ አይወቀስ ካልሽ፣ ነገ እውነተኛው እሳት ሲመጣ ሰው ደጃፉ ቁጭ ብሎ ያያል። «ሩጫውን አትንኩ» አልኳቸው። «እኛው የለኮስነው መሆኑን ከሩቅ የሚያሳይ ነገር እንስቀል።» ቀይ ጨርቅ አሉ፤ ቀይማ ከሩቅ ነበልባል ይመስላል፣ ይበልጥ ያስሮጣል። ያን ጊዜ ነው ነጠላዬን ከትከሻዬ ያወረድኩት። ነጠላ ተሰቅላ ከታየች ያ ጭስ የእኛ ነው፤ ነጠላ ከሌለች ግን፣ ቄስም ይናገር ማንም ይናገር፣ ሩጡ። እና ሥራው ሲያልቅ በዚያው ሰዓት ትወርዳለች። ለሌላ ሰው የማላምነው እሱን ነው፤ ተረስታ ብታድር፣ እውነተኛ እሳት ቢነሳ፣ ማን ይመጣልናል?

በዚያ ዓመት ነጠላዋን ሰቀልኩና ወደ ማዶ አየሁ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቅርንጫፉን ጭኑ ላይ አድርጎ። ቀኑን ሙሉ! አንዱም አልተነሳ፣ አንዱም ወደ ቤቱ አልገባ።

የሺ፦ እኔ እግሬን በመቀነቴ አስሬ ነው የተቀመጥኩት።

አስራ ነው የተቀመጠችው! አሁን ግን ለምዶናል፤ ይኸው ዛሬም ሌላ ቁራሽ እየለኮሱ ነው፣ ጭሱ አለ፣ ነጠላም አለች፣ ቁጭ ብለሽ ባቄላ ትፈለፍያለሽ፣ ትፈትያለሽ፣ ምንም... ኧረ! ያ ምንድን ነው? የሺ! ያ ጭስ ወፈረ! ተነሺ! ከዘራዬን! ከዘራዬን አቀብዪኝ ብርቱካን፣ ኧረ ደኑ!

ብርቱካን፦ እማማ! እማማ ይቀመጡ! ነጠላዋ ተሰቅላለች እኮ፣ አሁን የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ? እትዬ የሺ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ!

...አይ። አይ፣ እውነትሽን ነው። ተሰቅላለች። ይታየኛል፣ ይታየኛል። የሺ ተቀመጪ፣ ባቄላውን ሁሉ ደፋሽው። ጉልበቴ አሞኛል ስትይ አልነበር? እኔስ ብሆን! ሰምቻለሁ ልጄ፣ ራሴው ነኝ የነገርኩሽ፤ እግሬ ነው ያልሰማው። ሂሂሂ። ሳቂ፣ ሳቂ፣ የባሕር ዳር ልጅ። አንቺ ግን... ቆይ እስቲ። አጥሩ ጋ እንዴት ደረስሽ? ይቀመጡ ትይናለሽ፣ በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?

ብርቱካን፦ እ... ቅርንጫፍ ነው መሰለኝ፣ እማማ።